ጥርስ ሲጠርስ

ቀትር ላይ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ያሉት የዓሣ ቤቶች ይሞላሉ። ጎኑ በቢላ የተሸነታተረ ቀረሶ ከዘይቱ እንደወጣ በትሪ ይቀርባል፤ አጠገቡ ለሁለት የተከፈለ ሎሚ፣ አዋዜና ሚጥሚጣ ይቀመጣል። ተመጋቢው ሎሚውን ጨምቆ፣ ትኩሱን ዓሣ ሁለት ሦስቴ ጎርሶ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣውን ለስላሳ አንሥቶ ይጎነጫል። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ይጨፈናል፤ መዳፉ ጉንጩን ይይዛል። እስከ አምስት ሳይቆጠር ሕመሙ ይጠፋል፣ እጁም ወደ ትሪው ይመለሳል። «ትናንት ምንም አልነበረኝም፤ ድንገት ነው» ይላል። ከማዶ የተቀመጠው ጓደኛው «ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» ይለዋል፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል።

አማርኛ ለጥርስ ሕመም በአንድ ቃል አልተብቃቃም። ጎምዛዛ ነገር የነካው ጥርስ ይጠርሳል፤ የኤርምያስንና የሕዝቅኤልን ትንቢት በአማርኛ ያነበበ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ቀዝቃዛ የነካው ጥርስ ይነዝራል። ሲያኝኩበት የሚያመው ይወጋል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ደግሞ ይጠዘጥዛል። እነዚህ ቃላት በዘልማድ አንዱ በሌላው ቦታ ሲነገሩ ይሰማል እንጂ እያንዳንዳቸው የተለያየ ጉዳትና የተለያየ ጊዜ ያመለክታሉ። የጥርስ ሐኪም ከሕመምተኛው አፍ ሊሰማ የሚፈልገውም ይህንኑ ልዩነት ነው። ጠረሰ ወይም ነዘረ የሚባለው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ልባሱ የተከፈተ፣ ውስጡ ግን በሕይወት ያለ፣ በትንሽ ወጪ ሊድን የሚችል ጥርስ ነው። ጠዘጠዘ ወደሚባልበት ሲደርስ የመዳኛው መንገድ ጠቧል። «ድንገት ጀመረኝ» የምንለው ስሜት እንግዲህ የበሽታው መጀመሪያ አይደለም፤ ለዓመታት በዝምታ የቆየ ጉዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ያሰማበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄም «ምን ልቀባው?» ሳይሆን «ልባሱን ምን ከፈተው?» የሚለው ነው።

በጥርስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ

የጥርስን ውጭ የሚሸፍነው ልባስ፣ ሐኪሞች ኢናሜል የሚሉት፣ በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው። ከክብደቱ 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ነርቭም፣ ደምም፣ ሕያው ሕዋስም የለውም። ስለዚህ ራሱ አያምም። በዚያው ልክ ደግሞ አንዴ ከጠፋ መልሶ አይበቅልም። በማኘኪያው ጫፍ ላይ ውፍረቱ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ድዱ ሲወርድ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ከልባሱ ሥር ያለው፣ መልኩ ወደ ቢጫነት የሚያደላው ክፍል ዴንቲን ይባላል። ዴንቲን ድፍን አይደለም፤ በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቧንቧዎች የተበሳሳ ነው። በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውስጥ ብቻ በአሥር ሺሕዎች ይቆጠራሉ። ቧንቧዎቹ በፈሳሽ የተሞሉ ሲሆኑ ውስጠኛው ጫፋቸው ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ወደ ጥርሱ እምብርት ይደርሳል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማርቲን ብራንስትረም የተባለ ስዊድናዊ የጥርስ ተመራማሪ የንዝረቱን መንገድ በዚህ ፈሳሽ አስረዳ። ቀዝቃዛ ነገር፣ ነፋስ ወይም ስኳር የተገለጠ ዴንቲን ሲነካ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በፍጥነት ወደ ውጭ ይሳባል። በቀጭን የሸምበቆ ቀሰም ውስጥ ያለን ውሃ በአንዱ ጫፍ ሲስቡት ሌላው ጫፍ እንደሚንቀሳቀስ ሁሉ፣ በውስጥ በኩል ያለው ነርቭም ይጎተታል። ትኩስ ነገር ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ነርቩ ግን ወደ ውጭ ለሚሳበው እንቅስቃሴ የበለጠ ስሜት አለው። ትኩስ ቡና ሳይነዝረው የጠጣ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘልለው ለዚህ ነው። የብራንስትረም ማብራሪያ እስከ ዛሬ ሰፊውን ተቀባይነት ይዞ የቆየ ሲሆን አንድ ተግባራዊ ትርጉምም አለው፦ ቧንቧው ከተዘጋ ወይም ነርቩ ከተረጋጋ ንዝረቱ ይቆማል። ሕክምናው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

«ታዲያ ትናንት ያልነበረ ዛሬ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ለዓመታት ሲዝግ ቤቱ ውስጥ የሚያስታውስ የለም፤ የሚያፈሰው ግን በአንድ የሐምሌ ሌሊት ነው። ልባሱም በየቀኑ የሚያጣው እጅግ ትንሽ ነው። የመጨረሻዋ ስስ ሽፋን እስካለች ድረስ ነርቩ ምንም አያውቅም፤ እርሷ የተነሣች ዕለት ግን ቧንቧዎቹ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። አንዳንዱ ጥርስ ከተፈጥሮውም ክፍተት አለው። ከአሥር ጥርሶች በአንዱ ያህል፣ የላይኛው ልባስና የሥሩ ሽፋን አንገቱ ላይ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ድዱ እንደሸሸ ያ ክፍተት ይጋለጣል።

> ጣሪያ ለዓመታት ይዝጋል፤ የሚያፈሰው ግን በአንድ የሐምሌ ሌሊት ነው።

ሎሚው ጥፋተኛ ነው?

ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት የዘጌ ልሳነ ምድር በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ይታወቃል። ሎሚ በዚህ አገር ምግብም መድኃኒትም ነው፤ ለጉንፋን፣ ለሆድ፣ ለዓሣ፣ ለሰላጣ ይፈለጋል። ልባሱ መሟሟት የሚጀምረው በአፍ ውስጥ ያለው የአሲድ መለኪያ ከ5.5 በታች ሲወርድ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው፤ ኮላ መሰል ለስላሳ መጠጦችም ከዚያ ብዙ አይርቁም። በዚህ ስሌት ከሄድን ከዓሣ ቤቱ ትሪ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው ሎሚው መሆን ነበረበት።

ሆኖም ጉዳቱን የሚወስነው የአሲዱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ጥርስን ነክቶ የሚቆይበት ጊዜና ድግግሞሹ ነው። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ ያረግባል፣ ከልባሱ የተነሣውንም ማዕድን በከፊል ይመልሳል። ለዚህ ሥራው ግን ጊዜ ይፈልጋል። በምሳ ሰዓት ዓሣ ላይ ተጨምቆ ከእህል ጋር የተዋጠ ሎሚ ለምራቅ አይከብደውም። የሚከብደው በየማለዳው በባዶ ሆድ «ውፍረት ይቀንሳል» ተብሎ የሚጠጣው የሎሚ ውሃና ከፊት ጥርስ ጋር ተጣብቆ የሚመጠጠው የሎሚ ክፋይ ነው። ጎምዛዛ የሆነ ሁሉ ጥርስ አይበላም። እርጎ ጎምዛዛ ነው፤ ነገር ግን በካልሲየምና በፎስፌት የበለጸገ ስለሆነ ከልባሱ ማዕድን አይወስድም። «አያቶቻችን ጎምዛዛ እየበሉ ጥርሳቸው አልጠፋም» ለሚሉም መልሱ እዚሁ ላይ አለ። አያቶቻችን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በየአሥር ደቂቃው ለስላሳ አይጎነጩም ነበር።

በባሕር ዳር ይህ ለስላሳን በየደቂቃው የመጎንጨት ልማድ ከጫት ጋር ተጣምሯል። ጫት አፍ ያደርቃል፣ ማለትም የጥርስን ዋና ጠባቂ ምራቅን ይቀንሳል። ምሬቱን ለማብረድ ስኳር ይላሳል፣ ለስላሳ ይጠጣል። ጉንጭ የሚሞላው በአንድ ወገን ስለሆነ በዚያ በኩል ያለው ድድ ለሰዓታት ይታሻል። ሲመረቅን ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው ጥርሱን ያፋጫል። ድርቀቱ፣ ስኳሩ፣ አሲዱና ፍጭቱ በአንድ ቁጭታ ይገናኛሉ። ብዙ ቃሚ ማታ የሚያደርገው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሽታውን ለማጥፋት ወዲያው ጥርሱን በኃይል ይፍቃል። አሲድ ያለሰለሰው ልባስ ግን በዚያ ሰዓት ከብሩሹ ጋር ይነሣል። በውሃ መጉመጥመጥና ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ የተሻለ ነው።

ከውስጥ የሚመጣ አሲድም አለ። «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ፤ ሌሊት ወደ ጉሮሮው የሚመለሰው ቃር ከሎሚ የማይተናነስ አሲድ መሆኑን ግን ከጥርሱ ጋር የሚያያይዘው ጥቂቱ ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶች በማለዳ ማስመለስ ሲበዛባቸውም ይኸው ይደርስባቸዋል። አስመልሰው ወዲያው ከመቦረሽ ይልቅ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጥቂት የመጋገሪያ ሶዳ በጥብጦ መጉመጥመጥ ጥርስን ያድናል።

የመፋቂያው አቅጣጫ

በከተማዋ መንገዶች መፋቂያ በእቅፍ ይሸጣል። ወይራው፣ ክትክታው፣ ልምጩ በእኩል ርዝመት ተቆርጦ ይታሰራል። የገዛው ሰው ጫፉን ልጦ፣ አኝኮ፣ ጭረቱ እንደ ብሩሽ ሲበተን እየሄደ ይፍቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ባህላዊ መፋቂያ በሚለመድባቸው አገሮች ልማዱ እንዲቀጥል ያበረታታል፤ መልካም ምክር ነው። ችግሩ እጁ ላይ ነው። ብዙ ሰው መፋቂያውን እንደ መጋዝ ወደ ጎን ይስበዋል፣ በተለይ ፈገግ ሲል በሚታዩት ጥርሶች አንገት ላይ። ዓመታት ሲያልፉ ድዱ ይሸሻል፤ በጥርሱ አንገት ላይ በጥፍር ሲነካ የሚታወቅ ቦይ ይቆፈራል። የከሰል ዱቄትና ጨው ቀላቅሎ ማሸት ደግሞ ቦዩን ያፋጥነዋል፤ ለጊዜው የሚታየው ንጣት ከላዩ ከተፋቀው ልባስ ጋር የሚሄድ ነው። በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ የሚፍቅም ከዚህ አያመልጥም። ጥርስን የሚጎዳው የእንጨቱና የፕላስቲኩ ልዩነት ሳይሆን ጉልበቱና አቅጣጫው ነው፤ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ መጥረግ ለሁለቱም ይበቃል።

ድድን በበሽታ የሚያሸሽም አለ። ያልተጠረገ ቆሻሻ ደንድኖ ድንጋይ ሲሆን ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል፣ ከዚያ ይወርዳል። በጎጃምና በጎንደር ገጠሮች ድድን መነቀስ ለውበትም፣ ለሚደማ ድድ መድኃኒት ተብሎም ሲደረግ የኖረ ነው። ውበቱን የሚነቅፍ የለም። ይሁን እንጂ በጠቆረ ድድ ላይ የመጀመሪያው ምልክት፣ መቅላቱ፣ አይታይም። የተነቀሱ እናቶች ሲፍቁ ደም ካዩ መልኩ እስኪለወጥ ሳይጠብቁ መታየት አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ የተለየው ደግሞ በእውነትም በአንድ ቅጽበት የሚመጣው ነው። ቆሎ ውስጥ የገባች ጠጠር፣ አጥንት መቆርጠም፣ የለስላሳ ቆርኪ በጥርስ መክፈት ጥርስን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ በመስተዋት አይታይም፣ በራጅም ላይ ብዙ ጊዜ አይወጣም። የሚታወቀው በጠባዩ ነው፤ ሲነክሱ ሳይሆን ንክሻውን ሲለቁ ይወጋል።

የጥጡ ፈተና

ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው መርፌና ጉጠት ብቻ የሚጠብቀው ይመስለዋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግን በጥያቄና በዝምታ የሚያልፉ ናቸው። ሐኪሙ በትንሿ መስተዋት ጉንጩን ገለጥ አድርጎ የእያንዳንዱን ጥርስ አንገት ያያል። ቀጭን የአየር መንፊያ ያነሣና የጎረቤቶቹን ጥርሶች በጣቱ ከልሎ ወደ አንዱ ብቻ እፍ ያደርጋል። ቀጥሎ በብረቱ እጀታ ጥርሱን ከላይና ከጎን ያንኳኳል፤ ሲንኳኳ የሚያም ጥርስ ችግሩ ወደ ሥሩ ጫፍ ሳይወርድ አልቀረም። አንድ እንጨት ያስነክሰዋል፣ ያስለቅቀዋል። ከዚያ ነው ዋናው የሚመጣው። በማቀዝቀዣ ፈሳሽ የተነከረች፣ ውርጭ የያዘች የጥጥ ዘለላ በጥርሱ ላይ ያሳርፋል፤ ሕመምተኛው እጁን ሲያነሣ ወዲያው ያነሣታል። ሐኪሙ አሁን ጥርሱን አያይም፤ እጁን እያየ ይቆጥራል።

እጁ ጥጧ እንደተነሣች ከወረደ ነርቩ ጤነኛ ነው፣ ወይም ጥቂት ቢቆጣም ይመለሳል። ሕመሙ ከሠላሳ በላይ እየተቆጠረም ካልለቀቀ ነርቩ ሊመለስ በማይችልበት ደረጃ ተጎድቷል። ቀዝቃዛውን ጨርሶ ያልሰማ ጥርስ ደግሞ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ማንም ሰው በገዛ ቤቱ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በግድግዳ ሰዓት ሊያስተውለው ይችላል፤ ለሐኪሙም ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይጠቅመዋል። ትኩስ ሲነካው የሚያመው፣ ቀዝቃዛ ውሃ በአፉ ሲይዝ ግን የሚታገሥለት ሰው አንድ ቀንም ማደር የለበትም። ያ የሚሞት ነርቭ ምልክት ነው።

> ሐኪሙ አሁን ጥርሱን አያይም፤ እጁን እያየ ይቆጥራል።

ምርመራው ሌላም ነገር ይለያል። የላይኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች ብዙዎቹ አንድ ላይ ከነዘሩ፣ ሲያጎነብሱም ሕመሙ ከበረታ፣ ጥፋቱ የጥርስ ሳይሆን የሳይነስ ሊሆን ይችላል፤ የጥርሶቹ ሥር ከሳይነሱ ወለል ጋር ጎረቤት ነው። ሳይመረመር ተነቅሎ፣ ሕመሙ ግን ባለበት የሚቀር ጤነኛ ጥርስ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

«ለቀቀኝ» ማለት

ሕክምናን የሚያዘገዩ ሦስት ሐሳቦች አሉ። የመጀመሪያው «በራሱ ለቀቀኝ» የሚል ነው። ጊዜያዊ ንዝረት በራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ ምራቅ ቧንቧዎቹን በማዕድን ይደፍናል፣ ጥርሱም ከውስጥ አዲስ ዴንቲን ይገነባል። ይህ እውነት ነው። ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲጠዘጥዝ ከርሞ አንድ ማለዳ ፀጥ ያለ ጥርስ ግን አልዳነም፤ ነርቩ ሞቶ ነው። ከወራት በኋላ መግል ይዞ ጉንጭ አሳብጦ ይመለሳል። እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከዞረ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሕይወትን የሚያሰጋ ነውና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የፋርማሲው መንገድ ነው። በመድኃኒት ቤት የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ «ለጥርስ አሞክሳሲሊን ስጡኝ» የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተከፈተ ቧንቧ አይደፍንም፣ የተቆጣ ነርቭም አያስታግሥም፤ የሚታዘዘው እብጠትና ትኩሳት ሲኖር፣ ከሐኪሙ ሥራ ጋር ነው። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥላል፤ አረቄ መጉመጥመጥም እንዲሁ። ከባህላዊዎቹ መካከል የቅርንፉድ መልካም ስም የተገባ ነው። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ዘይት በእርግጥ ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ሕመሙን ያስተኛል እንጂ ቀዳዳውን አይዘጋም። የእንቧይ ፍሬ ጭስ ትሉን ያወጣል የሚለው እምነት ግን መነሻው ስሕተት ነው። ጥርስ የሚበላ ትል የለም፤ የሚበላው ስኳርን ወደ አሲድ የሚለውጥ ባክቴሪያ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነው፤ «አስነቅሎ መገላገል ይረክሳል» የሚል። ገበሬው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ የቀን ሠራተኛው ይህን ሲል ስለ ኪሱ እውነት እየተናገረ ነው። ነርቩ ከሞተ በኋላ የሚደረገው የሥር ሕክምና ከመንቀል ብዙ እጥፍ ያስወጣል፣ መመላለስም አለው። ስለዚህ ክርክሩ የሚረታው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ነው። ንዝረት ብቻ ባለበት ጊዜ የሚያስፈልገው አንዳንዴ ለስላሳ ብሩሽና ለሚነዝር ጥርስ የተሠራ የጥርስ ሳሙና ነው። ሴንሶዳይን በ1961 እ.ኤ.አ. በስትሮንቲየም ውሕድ ተሠርቶ ለገበያ ከወጣ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ሳሙና በዝቷል፤ ፖታሲየም ናይትሬት ያለው ነርቩን ያረጋጋል፣ ስታነስ ፍሎራይድ ያለው ቧንቧውን ይደፍናል። «ማስታወቂያ ነው፣ ሞክሬው አልሠራም» የሚሉት አብዛኞቹ በሦስተኛው ቀን የተዉት ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከተቦረሸ በኋላም አረፋውን መትፋት ይበቃል፤ በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ መድኃኒቱን ያጥበዋል። ካልበቃ ሐኪሙ ፍሎራይድ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ወይም አንገቱ ላይ ያለውን ቦይ ይሞላል። ቀዳዳ ካለ ግን ሳሙና ጊዜ ማባከን ነው፤ መሙላት ይገባል።

ከደቅ ደሴት እስከ ከተማው

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትንና ጥበበ ጊዮንን የመሰሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች፣ የግል የጥርስ ክሊኒኮችም አሏት። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከአምስት ልጆች በአንዱ ያህል የተቦረቦረ ጥርስ አግኝቷል። እነዚያ ልጆች ለሐኪም ቅርብ ናቸው። በሐይቁ ላይ ካለችው ከደቅ ወይም ከሐይቁ ማዶ ካለችው ከጎርጎራ በኩል የሚመጣ ሰው ግን የጀልባውን ቀን ቆጥሮ፣ አንድ ቀን ሥራውን ፈትቶ፣ ማደሪያ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ለአምስት ሰከንድ ንዝረት ይህን ሁሉ የሚያወጣ የለም። በጥዝጣዜው ይነሣል፤ ሲደርስም የሚቀረው መንቀል ነው። ሰውን ቸልተኛ ከማለት በፊት ይህን ርቀት መቁጠር ይገባል።

ርቀቱን የሚያሳጥር ነገር ደግሞ አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረ አሠራር ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መቦርቦሪያ ማሽን፣ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ግላስ አዮኖመር በተባለ መሙያ ይደፍናል። መሙያው ከጥርስ ጋር ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው ጠብታ ደግሞ መቦርቦሩን ባለበት ያቆማል፣ ንዝረትም ያደነዝዛል። የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል፤ ከፊት ጥርስ ላይ ሰው ላይወደው ይችላል፣ በመንጋጋ ጥርስ ላይ ግን ማንም አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም፣ ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር፣ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ፣ በመስኮት ብርሃን ሊሠራባቸው ይችላል። የመሙያው ዱቄትና ፈሳሽ፣ የጠብታው ትንሽ ጠርሙስ፣ መስተዋቱ፣ የእጅ መሣሪያዎቹና ጥጡ በአንድ የትከሻ ቦርሳ ይገባሉ፤ ቦርሳውም ማለዳ ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ደቅ በሚነሣው ጀልባ፣ ከስኳሩና ከለስላሳው ሣጥን ጎን ሊጫን ይችላል።